ለዶሮ አሮስቶ ከቅመሙ በፊት ሲባጎውን አስቢ

እህቴ፣ «ማዞሪያ ያለው ኦቨን ገዛሁ፣ እሑድ አማቶቼ ይመጣሉ፣ ሙሉ ዶሮ በምን ላጣፍጥ፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» ያልሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። አማት፣ እሑድ፣ አዲስ ኦቨን። ሁሉም ስለ ቅመም እየጻፈልሽ ነው። ቅመሙ አያስቸግርሽም። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው።

1. ዶሮዋ የፈረንጅ ትሁን፣ ከ1 ኪሎ ተኩል አትብለጥ። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ ናት፤ በአንድ ሰዓት ኦቨን አትለሰልስም። በረዶ ከሆነች ዓርብ ማታ ከፍሪዘር አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫት፣ ሙሉ ቀን ትፈልጋለች። ሆዷንም ፈትሺ፤ አንዳንዶቹ አንገቷንና ጉበቷን በላስቲክ ጠቅልለው እዚያው ይከቱታል።

2. ጨው ቅዳሜ ማታ ነው፣ እሑድ ጠዋት አይደለም። እንደለመድሽው በሎሚ እጠቢያት፣ ግን ከዚያ በሶፍት ጥርግ አድርገሽ አድርቂያት። እርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ውስጧንም ውጪዋንም እሺና ሳትከድኛት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ትደር። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ ኮረሪማ በንጥር ቅቤ ለውሰሽ ከቆዳው ሥር በጣትሽ አስገቢ። ቆዳው ላይ ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ያራል። በርበሬም እንደዚያው፤ ይጠቁርና ይመራል። የሚያቃጥል ከፈለግሽ መጨረሻ 15 ደቂቃ ሲቀረው ሚጥሚጣ በቅቤ ቀቢያት። የጥብስ ቅጠልና ግማሽ ሎሚ ሆዷ ውስጥ። በቃ።

3. ማሰር። እኔ ይህን ነው የዘለልኩት። ክንፏን ሳላስር፣ እግሯን ሳላጣምር የማዞሪያውን ረጅም ብረት በመሃሏ አሳልፌ፣ ዶሮዋን ከብረቱ ጋር የሚይዙትን የሁለቱን ሹካዎች ብሎን በጣቴ ብቻ አጥብቄ አስገባኋት። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ቆንጆ ነበር። ልጆቼ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ሳሎን ቡና ይፈላል። ሥጋው ሲሞቅ ግን ይላላል፣ ሹካውም አብሮ ላላ። አንደኛው ክንፍ ተዘረጋና የላይኛውን ሬዚስታንስ፣ ማለት የሚግለውን ማሞቂያ፣ መምታት ጀመረ። ቷ። አንድ ዙር ዞራ፣ ቷ። እኔ ሰላጣ እየከተፍኩ የጎረቤት ድምፅ መስሎኛል። ድምፁ ሲቆም ዞር ብል መስታወቱ በጭስ ተሸፍኗል። ዶሮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደረቷ ከሰል፣ ጀርባዋ ጥሬ፤ ሞተሩ ብቻ ቅርርር ይላል።

አማቴ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ምንም አላሉኝም። ነጠላቸውን አስቀምጠው ቢላ ጠየቁኝ። ያረረውን ገፈው፣ በየመገጣጠሚያው ገነጣጥለው፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ድስት ላይ ጨረሷት። እኔ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞሬ አለቀስኩ።

ሰኞ ኦቨኑን ተሸክሜ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። የ1 ዓመት ዋስትና ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ከተገዛ 3 ሳምንት አልሞላውም። ሻጩ ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ዋስትና የለውም» አለኝ። የት ተጽፏል ስለው «እናት፣ ሥራ አታስፈቺን» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሲሸጥልኝ ግን ያንኑ ማዞሪያ እያሽከረከረ ነበር ያሳየኝ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደረሰኝሽን አሁኑኑ አውጪና ዋስትናው ሞተሩን እንደሚጨምር በጽሑፍ አስሰጪ። የእኔን በመጨረሻ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ፈታው፤ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልታ አልቃለች። ምናለሽ ተራ ሄዶ ከሌላ ኦቨን የተፈታ ሞተር አምጥቶ ገጠመልኝ። እስከ ዛሬ የሚያዞረው እሱ ነው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ናይለን ይቀልጣል፣ የጥጥ ሲባጎ ያዢ። ክንፎቿን ከደረቷ አጣብቀሽ ዙሪያዋን ሁለቴ ጠምጥሚ። እግሮቿን አጣምረሽ ከብረቱ ጋር እሰሪ። ሹካዎቹ በሁለቱም በኩል ሥጋ ውስጥ ጠልቀው ይግቡ፣ ብሎኑን በፒንሳ አጥብቂ። ከዚያ የብረቱን ሁለት ጫፍ መዳፍሽ ላይ አሳርፈሽ ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው። ሁልጊዜ አንድ ጎኗ ብቻ ወደ ታች የሚመጣ ከሆነ ሚዛኗ ልክ አይደለም፤ አውጥተሽ እንደገና ውጊያት። እኔ አንዳንዴ ሦስቴ አወጣለሁ። ሞተሩን የሚገድለው ክብደቷ ብቻ አይደለም፣ በአንድ በኩል ማጋደሏ ጭምር ነው።

4. ኦቨኑ አስቀድሞ ይጋል፣ 200 ዲግሪ። ከሥር ያለው ትሪ ላይ አንድ ስኒ ውኃ ጨምሪ፣ ስቡ ሲንጠባጠብ እንዳይጨስ። 1 ኪሎ ተኩሉ በእኔ ኦቨን 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በሰዓት ብቻ ግን አትመኚ። ቴርሞሜትር ካለሽ የጭኗ ወፍራም ቦታ፣ አጥንት ሳይነካ፣ 74 ዲግሪ ይድረስ። ከሌለሽ ጭኗን ውጊው፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቀላ ካለ ገና ነው።

ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኪው፣ የእኔ ቀልጧል፤ በቀጥታ ግድግዳው ላይ። መብራት ከሄደ ይመጣል ብለሽ ግማሽ ጥሬ ዶሮ አታስቀምጪ። ወዲያው ገነጣጥለሽ ቡታጋዝ ላይ ጨርሻት፣ ልክ እንደ አማቴ።

ስትወጣ ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመ የሚፋጅ ስብ አለ፤ ወፍራም ጓንት አድርጊና ልጆቹን አርቂ። 15 ደቂቃ ትረፍ፣ ከዚያ ቁረጫት። እኔ አሁን ለልደትም ለእንግዳም የምጠራው በዚህችው ዶሮ ነው። አማቴም እኛ ቤት ሲመጡ ሲባጎውን ከራሳቸው በቀር ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አይፈቅዱም።