አሮጌ ቤት ውስጥ ቧንቧ ከመቀየርሽ በፊት የመሬት ሽቦውን ፈልጊ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለቤቱ እንኳን ደስ አለሽ። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ቤቱ ያረጀ ነው፣ ቧንቧው የብረት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቡናማ ውሃ ይወጣል፣ ሻወሩ ኃይል የለውም፣ ሶኬቶቹ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያላቸው የድሮዎቹ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ እየሠራሽ መጀመሪያ ቧንቧውን በፕላስቲክ ልትቀይሪ፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ ቆየት ብለሽ ልትነኪው አስበሻል። የጠየቅሽው ከየትኛው ቧንቧ ልጀምር ብለሽ ነው።

የራሴንም የዘመድም አሮጌ ቤት ሳድስ ዓመታት ቆይቻለሁ። መልሴ ከቧንቧው አትጀምሪ ነው። መጀመሪያ የቤቱ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የት እንደታሰረ እወቂ።

ለምን መሰለሽ፣ ድሮ በተሠሩ ብዙ ቤቶች የመሬት ሽቦው ለብቻው መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አይገናኝም። የሚታሰረው ከውሃው የብረት ቧንቧ ጋር ነው። ቧንቧው ራሱ መሬት ውስጥ ስለተቀበረ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ይዞ ይወርዳል። እሱን ቆርጠሽ ፕላስቲክ ስትተኪበት ውሃው ይስተካከላል፣ ኤሌክትሪኩ ግን መውረጃ ያጣል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍማ። ምንም የሚጮህ፣ ምንም የሚበላሽ ነገር ስለሌለ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ይሄን ያየሁት አጎቴ ቤት ነው። ቧንቧው በሙሉ በፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ተቀየረ፣ ሥራውም ንጹሕ ነበር፣ አንድ ቦታ እንኳን አላፈሰሰም። ትንሽ ቆይቶ የሻወሩን መክፈቻ የነካ ሁሉ እጄን ነዘረኝ ይል ጀመር። የውሃ ማሞቂያውን ከፍተን ስናይ ውሃውን የሚያሞቀው የውስጡ ኤለመንት አርጅቶ ወደ አካሉ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። መሾለክ የጀመረው ግን ያን ሰሞን አልነበረም። ድሮ በብረቱ ቧንቧ በኩል መሬት ይገባ ስለነበር ነው ማንም ያልተነዘረው። ከልስኑ ጀርባ ያገኘነው ማሰሪያ አሮጌ ቁራጭ ቧንቧ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር፤ ቁራጩ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ ከምንም ጋር አይገናኝም። እርጥብ ገላ፣ እርጥብ ወለል፣ መሬት የሌለው ማሞቂያ። ሰው ይሞት ነበር።

ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪውና ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስተሽ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወይም ምንም ሽፋን የሌለው መዳብ ወዴት እንደሚሄድ ተከተዪ። ቧንቧ ላይ ከታሰረ፣ ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የመሬት ዘንግ ይትከልልሽና ይለካው። ጭራሽ ሽቦ ከሌለም እንደዚያው። 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ የሾለከ ኤሌክትሪክ መቁረጫም አብሮ ያስገባልሽ። ይሄ ዕቃ ያለ መሬት ሽቦም ይሠራል፤ ነገር ግን ያኔ የሚቆርጠው ኤሌክትሪኩ በሰው ገላ ማለፍ ሲጀምር ነው። መሬት ሽቦ ካለ ግን ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። ሁለቱም ያስፈልጉሻል። ማከፋፈያ ሳጥኑንና ከቆጣሪ የሚመጣውን ገመድ አንቺ አትንኪ። ይሄን የምልሽ አትችዪም ለማለት አይደለም፤ ዋናውን ብሬከር ብታጠፊም ከሱ በፊት ያለው ገመድ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ስለሚቆይ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው። ሻወሩ ኃይል ያጣው በዝገት ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ግን አረጋግጪ። ለውሃ ቆጣሪው ቅርብ የሆነውን ቧንቧ ክፈቺና ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ እዪ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ያለውን። የመጀመሪያው ቶሎ ሞልቶ ሁለተኛው ከዘገየ ችግሩ ቤትሽ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከዘገዩ ግፊቱ ከውጭም ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ያን ሳታረጋግጪ ግድግዳ አትስበሪ። የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ሲያረጅ ቆርጠሽ ብታዪው ውስጡ ቡናማ ቅርፊት ሆኖ፣ መሐሉ ላይ እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። ጠዋት የሚመጣው ቡናማ ውሃም ሌሊቱን እዚያ ቅርፊት ላይ ተኝቶ ያደረው ነው።

ሌላው፣ ፍሳሽ መኖሩንም በዚያው እዪ። ሁሉንም ቧንቧ ዝጊና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ የምትሽከረከር ምልክት ተመልከቺ። ከዞረች የሆነ ቦታ ይፈሳል። ብዙ ጊዜ የሽንት ቤቱ ታንከር ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ቀለም ጨምሪበትና ሳትለቂው ወደ ሳህኑ ከወረደ ጎማውን ቀይሪ፣ አለቀ።

ቁርጥራጭ እየቀየርሽ አትሂጂ። አሮጌ ብረት በተነካ ቁጥር ዝገቱ ይረግፍና አዲሱን መክፈቻሽን ይደፍነዋል። ከቆጣሪ እስከ መጨረሻው አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ቀይሪ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ለጊዜው ከአሮጌው ጋር የምታገናኚበት ቦታ ካለ ሁለት ፓይፕ ሬንች (የቧንቧ መፍቻ) ያዢ፤ አንዱ ግድግዳው ውስጥ ያለውን አንቆ ይይዛል፣ ሌላው ይፈታል። በአንድ ብቻ ከታገልሽ የማታዪው መጋጠሚያ ግድግዳው ውስጥ ይሰበራል።

ፒፒአር መበየድ ትችያለሽ፣ ከባድ አይደለም። የመበየጃው ማሽን 260 ዲግሪ ይድረስ። ለ20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊሜትር 7 ሰከንድ ያህል ይሞቃል። ቧንቧውና መጋጠሚያው አብረው ይሙቁ፣ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ ካስገባሽ በኋላ አታዙሪው። ብዙ ሰው ጠንከር ይበል ብሎ አብዝቶ ያሞቅና አብዝቶ ይገፋል፤ ያኔ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ውጭ ስታዪው ያማረ ነው፣ ውሃው ግን እንደ ድሮው ቀጭን ይሆንብሻል። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ተለማመጂና በመጋዝ ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ። ለሙቅ ውሃ ደግሞ ለሙቅ የተሠራውን ግዢ፣ ጽሑፉ ቧንቧው ላይ አለ። የቆሻሻ ውሃ መውረጃውን ከነካሽ በሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ።

ልስን ከመመለስሽ በፊት መስመሩን በእጅ ፓምፕ ከመደበኛው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ አድርሰሽ ፈትኚው። ማሞቂያው በዚህ ሰዓት አይገናኝ። የግፊት መለኪያው መርፌ ዝም ብሎ ካልቆመ አትልሰኚ።

ግድግዳው ክፍት እያለ የኤሌክትሪኩንም ኮንዲዩት፣ ማለትም ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ቅበሪ። ቆየት ብዬ ያልሽውን እዚህ ላይ ነው የማልስማማበት፣ ሁለቴ ትሰብሪያለሽ። የድሮ ሽቦ ሽፋኑ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈር ከሆነ አትቀጥዪበት። ሙሉው መስመር ይውጣ። የሽቦው ውፍረት ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የተለመደ ነው። ብሬከሩ ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው የሚገባው፤ 1.5 ላይ 10 አምፒር፣ 2.5 ላይ 16። ቶሎ ቶሎ ይወርዳል ብሎ 32 የሚያስገባ ሰው አለ፤ ያኔ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። 5,500 ዋት የሚወስድ የሻወር ማሞቂያ 220 ቮልት ላይ 25 አምፒር ይስባል፣ ስለዚህ ከሳጥኑ በቀጥታ የራሱ የ6 ሚሊሜትር ካሬ መስመር ይኑረው። የሽቦ መጋጠሚያ ካለ ስካቶላ (የመጋጠሚያ ሳጥን) ውስጥ ይሁን፣ ክዳኑም ይታይ። በናስትሮ ተጠቅልሎ ልስን ውስጥ የተቀበረ መጋጠሚያ አልወድም፤ ሲሞቅ የሚያየው የለም።

ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር አንቺ የምትችዪው ነው። ግን አሮጌ ቤት ውስጥ ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የሚመልሰውን) የሚቆርጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራቱ ጠፍቶም አምፖሉ መያዣ ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በብሬከር አጥፊ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ሞክሪ፣ ከዚያ የምትሠሪበትን፣ ከዚያ እንደገና ያለበትን። ቴስተሩ ራሱ ሞቶ ጨለማ ቢያሳይሽስ? መሬት ሽቦ ሳይኖር ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት አትግጠሚ፤ ቀጥሎ የሚሰካው ሰው መሬት ሽቦ አለ ብሎ ያምናል።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፣ በኋላ ምስማር ስትመቺ ትፈልጊዋለሽ። ለአሁኑ የማከፋፈያ ሳጥኑን ክዳኑን ሳትፈቺ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን። የብሬከሮቹ ቁጥር ከታየ የትኛው መስመር ቅድሚያ እንደሚፈልግ እነግርሻለሁ።