የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ቤሎስቴኒን ሩሲያዊ ብዬ ልመዝግበው ወይስ ዩክሬናዊ? (መልስ)

ትውልዱን ዩክሬን፣ ሜዳሊያዎቹን ሶቪየት ኅብረት ብለህ ጻፍ። ሩሲያ በሁለቱም ቦታ ስህተት ነው። አሌክሳንደር ቤሎስቴኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ኦዴሳ ተወለደ፤ በክለብ ደረጃ ለኪየቩ ቡዲቬልኒክ ተጫውቷል።

ለሰንጠረዥህ የሚሆኑት፦
1. 1980፣ ሞስኮ ኦሎምፒክ፣ ነሐስ
2. 1982፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ወርቅ። ፍጻሜውን አሜሪካን 95 ለ94 አሸንፈው ነው የወሰዱት፤ በአንድ ነጥብ!
3. 1988፣ ሴኡል ኦሎምፒክ፣ ወርቅ

ቁመቱ 2 ሜትር ከ14 ነበር። ስለዚያ የሶቪየት ቡድን ሲወራ የቡድን ጓደኛው ሳቦኒስ ብቻ መነሳቱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ስሙን ግን ተጠንቀቅ። በዩክሬንኛ ኦሌክሳንድር ቢሎስቲኒ ተብሎ ይጻፋል። እኔ ሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች መስለውኝ ለየብቻ መዝግቤያቸው ነበር፤ የትውልድ ቀኑን ሳስተያይ ነው የገባኝ። በሁለቱም አጻጻፍ ፈልገው።