ማርሚታውን ከመብሳታችሁ በፊት

ለሙያ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት፣ ከገዛው ሁለት ወር ያልሞላውን ሞተር መጋዝ ተሸክሞ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ጉልበት አንሶታል፤ ማርሚታውን ሰፋ አድርገው ይብሱልኝ» አለኝ፤ ማርሚታ ማለቱ የጭስ መውጫው ላይ ያለው ድምፅ ማፈኛ ነው። ግቢዬ ውስጥ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ አስቆረጥኩትና የወደቀውን ሰጋቱራ ዘገንኩ። እንደ በርበሬ የላመ ነበር። የተሳለ ሰንሰለት ዱቄት አያወጣም፤ እንደ ቅንጬ የተከካ ፍርፋሪ ነው የሚተፋው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የዶለዶመው ጥርሱ ነው።

ሞረድ አወጣሁ። የሞረዱ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት ይለያያል፤ የእርሱ 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ የሚሻ ነበር። እያንዳንዱን ጥርስ በ30 ዲግሪ አግድማችሁ፣ ወደ ፊት ብቻ እየገፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዱት። ስትመልሱት አንሱት፤ እየጎተቱ መመለስ ሞረዱን ይፈጀዋል እንጂ ጥርሱን አይስልም። የግራውና የቀኙ ወገን እኩል ካልሆነ መጋዙ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይሄዳል። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ግን በችኮላ አትንኳት። ከጥርሱ አናት 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ካለች በቂዋ ነው፤ ከዚያ በላይ ካወረዳችኋት ሰንሰለቱ እንጨቱን አጥብቆ ይነክስና መጋዙን ወደ ፊታችሁ ሊወረውረው ይችላል። ልጁ ስሎ ሲጨርስ ያንኑ ግንድ እንደገና ቆረጠው። ስለ ማርሚታው ዳግመኛ አላነሳም።

ሞተር መነካካት ኃጢአት ነው አልልም። በእናንተ ዕድሜ ያልበሳሁት፣ ያልፈታሁት ነገር አልነበረም፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ።

የእኛ አገር ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ያለባትን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ማጥበቅ ይበቃዋል፤ ስትጠብቅ ቤንዚኑ ይቀንሳል። እኔም ማርሚታዬን በስቼ፣ ብሎኗንም አጥብቄ፣ በድምፁ እየተደሰትኩ ከረምኩ። ኋላ ከደጀን ቁልቁል፣ ዓባይ በረሃ የወደቁ ዛፎች እንድቆርጥ ተጠራሁ። ከደጀን እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እታች አየሩ ይወፍራል፤ ብሎኗ ባለችበት ስትቀር ደግሞ ድብልቁ ይሳሳል። ይህ ሞተር ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት ነውና ቤንዚን ሲያንሰው ቅባትም ያንሰዋል። ሦስተኛው ግንድ ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ሽቅብም ወጣ። እኔ ሞኙ «ዛሬስ በረታ» አልኩ። ወዲያው ድርቅ አለ። ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አልል አለኝ። ሲፈታ የፒስቶኑ ጎን እንደ ታረሰ ማሳ ተተልትሏል። የሦስት ወር ገቢዬ በዚያ ቁልቁለት ቀረ።

ስለዚህ ጆሯችሁን አሠልጥኑት። ሞተሩ ያለ ሥራ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ሲይዝ ድምፁ ይጠራል። ያለ እንጨት ጠርቶ የሚያፏጭ ከሆነ ብሎኗን አላሏት። ማርሚታ የተበሳለት ሞተርም አየር በቀላሉ ስለሚተነፍስ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፤ በስቶ ብሎኗን ያልነካ ሰው ሥራውን ከግማሽ ጥሎታል። ማርሚታው አፍ ላይ ያለችውን፣ የእሳት ብልጭታ እንዳይወጣ የምትይዘውን ወንፊት ነቅለው የሚጥሉ ደግሞ አሉ። በበጋ፣ ዘይት ያዘለ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተረበረበበት መሬት ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ከእኔ ጋር ሥራ አይወጣም።

ዘይቱን በዓይን ግምት አትቀላቅሉ። 50 ለ1 የሚል ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። እኔ የምለካው 100 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ነው፤ ከልጆቼ ሳል የተረፈች ናት።

ዛፍ መጣልን በደብዳቤ አላስተምርም፤ አጠገቤ ቆሞ ማየት ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል አፍ ከፍታችሁ ከኋላ ስትቆርጡ፣ መሃል ላይ ማጠፊያ የሚሆን እንጨት አስቀሩ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ለሚወፍር ግንድ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል። እርሱን በጥሳችሁ ካለፋችሁ ዛፉ በፈለገው በኩል ይሄዳል። የእኛ አገር ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ስለሚተከል አንዱ ሌላው ላይ ተደግፎ ይቀራል። የተደገፈው ሥር ገብቶ ደጋፊውን መቁረጥ ጀግንነት የሚመስለው ጎረምሳ አይጠፋም። ገመድ አምጡና ከሩቅ ጎትቱት፤ ገመድ ከሌለ ለነገ ይደር፣ ሰውም ወደ ሥሩ እንዳይጠጋ አድርጉ።

ጉቶውንም ዝቅ አድርጋችሁ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ አዝማችሁ፣ ልጡን ሳትገሸልጡ ቁረጡ። ባለቤቱ ከዚያው ጉቶ እንደገና አጣና ይጠብቃል።

ልጁ ሲሄድ ሞረዱን ሰጠሁት፤ ሌላ አለኝ። እናንተም ከደጀን ቁልቁል ከመውረዳችሁ በፊት ካቻቢቴ መያዛችሁን ኪሳችሁን ዳብሱ።