ቲቢ ታምሜ ድኛለሁ፤ ስኩባ ዳይቪንግ መማር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ዱባይ ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የሥራ ባልደረቦቼ በእረፍት ቀናቸው ፉጃይራ እየሄዱ ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ። እኔም ልመዘገብ ስል የጤና ቅጽ ሰጡኝ፤ ስለ ሳንባ ሕመም ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ሳለሁ በ17 ዓመቴ የሳንባ ቲቢ ይዞኝ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሙሉ ወስጄ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አሞኝ አያውቅም። ጓደኛዬ «የድሮ ነገር ነው፣ ሁሉንም የለም ብለሽ ሙዪው» አለችኝ። ሌላው ደግሞ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጆሮዬን ያመኛል። ዋናም የለመድኩት ገና ዓምና ነው። ትምህርቱን በጨረስኩ ማግስት ለዓመት ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። ጓደኛዎ ለክፋት አልተናገረችም። በአገራችን ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው ብዙ ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ሲደበቅ ስለኖረ «የለም» ማለቱ ለአፋችን ይቀላል። እዚህ ቅጽ ላይ ግን እባክዎ «አዎ» ብለው ይጻፉ። «አዎ» ማለት ተከለከሉ ማለት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ሐኪም መርምሮ ይፈርም ማለት ነው። አሠልጣኙ ሳንባዎን ሊያይ አይችልም፤ የሚያውቀው እርስዎ የጻፉለትን ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በአንድ የውሃ ፕላስቲክ ላሳይዎ። ወደ ዱባይ ሲበሩ አየር ላይ ሳሉ ውሃዎን ጠጥተው ባዶውን ሃይላንድ አጥብቀው ቢከድኑት፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጎኑ ተጨራምቶ ያገኙታል። ማንም አልጨበጠውም። ውስጡ የቀረው ከላይ የነበረው ስስ አየር ነው፤ ታች ያለው አየር ከበድ ስለሚል ከውጭ ጨመቀው። ባሕር ውስጥ ይህ በጣም ይፈጥናል። ገና 10 ሜትር ሲወርዱ ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ። ከላይ ተከድኖ የወረደ አየር 10 ሜትር ላይ በግማሽ ያንሳል። እዚያው 10 ሜትር ላይ ተሞልቶ የተከደነ አየር ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ እጥፍ ይሆናል።

ጠላቂው የሚተነፍሰው ይህን ታች የተሞላ አየር ነው። ጀርባው ላይ ከተሸከመው የአየር ሲሊንደር፣ አፉ ላይ የሚይዘው ሬጉሌተር ባለበት ጥልቀት ልክ የተጨመቀ አየር ያቀብለዋል። ስለዚህ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ቢወጣ አየሩ ሳንባው ውስጥ ይለጠጣል፤ መውጫ ካጣ ሳንባውን ይቀድዳል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም። ሳንባው እስከ ጫፍ በአየር ተሞልቶ ትንፋሹን የያዘ ሰው ከአንድ ሜትር ብዙም ካልበለጠ ጥልቀት ቢወጣ እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ያመለጠው አየር የደም ሥር ውስጥ ከገባ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ሰውዬው ከውሃው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የትምህርቱ የመጀመሪያ ሕግ «ትንፋሽህን በጭራሽ አትያዝ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቲቢው እንምጣ። ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው እየተነፈሰ ከወጣ አየሩ ከየክፍሉ ይወጣለታል። ቲቢ ግን ሲድን አንዳንዴ ጠባሳ ይተዋል፤ አንዳንዴ የበላው ቦታ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴ ደግሞ በስስ ግድግዳ የተሸፈነ የአየር ከረጢት ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ቦታ አየር ቀስ ብሎ ይገባበታል እንጂ ፈጥኖ አይወጣም። እርስዎ ሕጉን ጠብቀው እየተነፈሱ ቢወጡም ያ ክፍል ብቻውን ትንፋሹን እንደያዘ ይቀራል። የብስ ላይ ሲሮጡ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ ዕቃ ሲሸከሙ ምንም አይሰማዎትም። «ከዚያ ወዲህ አሞኝ አያውቅም» ያሉትን አምናለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ምርመራው ይህ ነው። መጀመሪያ የደረት ራጅ፤ ነገር ግን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች በራጅ ላይ ላይታዩ ስለሚችሉ የሳንባ ቲቢ ለነበረበት ሰው የደረት ሲቲ ስካን እንዲነሣ እመክራለሁ። ከዚያ ስፓይሮሜትሪ የሚባለው፣ በኃይል ወደ ቱቦ እየተነፈሱ አየሩ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካበት ምርመራ። የድሮ የሕክምና ካርድዎ ወይም ራጅዎ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ካለ በስልክ ፎቶ አስነሥተው ያስልኩት። ለሐኪሙም በዚያን ጊዜ ደረትዎ በቱቦ ተቀድቶልዎ እንደሆነ፣ የተቀዳው ውሃ ይሁን አየር ይንገሩት። ሳንባዎ ያን ጊዜ ተቀድዶ አየር ደረትዎ ውስጥ ገብቶ ከነበረ የእኔ መልስ «አይጥለቁ» ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሲቲው ንጹሕ ከሆነ፣ ትንፋሽዎም ጥሩ ከተለካ ግን የዳኑ ሰው ነዎትና ፊርማውን የማያገኙበት ምክንያት አይታየኝም። በነገራችን ላይ ይህን የሚያነቡና የአንገት ዕጢ ቲቢ የነበረባችሁም አላችሁ። የእናንተ አደጋ ያነሰ ነው፤ ዕጢው ላይ የታየው ቲቢ ሳንባም ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ግን ቢያንስ ራጅ ተነሡ።

አስም ያለባቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። በሩጫ፣ በብርድ ወይም በድንጋጤ የሚነሣ አስም ያለበት ሰው መጥለቅ የለበትም፤ ሦስቱም ባሕር ውስጥ አሉ፤ ከሲሊንደሩ የሚመጣው አየርም ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። በልጅነቱ ታሞ ለዓመታት ምልክት ያላየ ሰው ግን ተመርምሮ ሊፈቀድለት ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አይጥለቁ።

ወደ ጆሮዎ ልለፍ። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ትንሽ የአየር ክፍል አለች፤ ከጉሮሮ ጋር በቀጭን ቱቦ ትገናኛለች። አውሮፕላን ሲያርፍ የሚያምዎት ያ ቱቦ በጊዜው አልከፈት ሲል ነው። ባሕር ውስጥ ሕመሙ ገና በአንድ ሁለት ሜትር ላይ ይጀምራል። ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት፦ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይያዙ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ ቀስ ብለው ወደ አፍንጫዎ ይንፉ። ሁለቱም ጆሮ «ጧ» ካለ ቱቦዎ ይሠራል። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ይህን ሲያደርግ በጆሮ መመርመሪያው ታምቡሩ ሲነቃነቅ አያለሁ፤ እርስዎም ሐኪምዎን እንዲያይልዎ ይጠይቁት። ባሕር ውስጥ ይህን የሚያደርጉት ካመመዎት በኋላ ሳይሆን ከማመሙ በፊት፣ በየሜትሩ ነው። በእግርዎ በኩል፣ ገመድ ይዘው፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። አልከፈት ካለ በኃይል አይንፉ፤ የውስጥ ጆሮ ተጎድቶ መስማት ለዘለቄታው ሊቀንስ ይችላል። ትንሽ ሽቅብ ይበሉና እንደገና ይሞክሩ፤ ካልሆነ የዚያን ቀን ይተዉት።

አንድ ወጣት ታካሚዬ ጉንፋን ይዞት ሳለ የከፈልኩት ገንዘብ ይባክናል ብሎ የአፍንጫ ማስከፈቻ ጠብታ አድርጎ ጠለቀ። «ጆሮዬ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ተሰማኝ፤ ከዚያ ላይና ታቹ ጠፋኝ» አለኝ። ታምቡሩ ተቀዶ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ መካከለኛውን ጆሮ ሲነካ ሰውን እንደዚያ ያዞራል፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ወዴት እንደሚወጣ አለማወቅ ደግሞ ከሕመሙ የከፋ ነው። እርሱ የተረፈው አሠልጣኙ ክንዱን ይዞ ስላወጣው ነው። ጠብታው ውሃ ውስጥ ሳሉ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል፤ ጉንፋን ሲይዝዎ ቀኑን ያዛውሩ። ከልጅነትዎ ጀምሮ ጆሮዎ መግል ያወጣ ከነበረም ታምቡርዎ መደፈኑን ሳያረጋግጡ አይግቡ።

ስለ ትምህርቱ ራሱ ባጭሩ። ብዙ ሰው የሚወስደው የመጀመሪያ ሰርተፍኬት ኦፕን ዋተር ይባላል፤ ፓዲ በሚባለው ድርጅት ሥርዓት ንድፈ ሐሳብ፣ የገንዳ ልምምድ፣ ከዚያ ባሕር ላይ አራት ጠለቃ አለው፤ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። የዋና ፈተናም አለ፦ 200 ሜትር ያለ ሰዓት ገደብ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ከሆነ ስምንት ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሳይንቀጠቀጡ እስኪችሉ ድረስ ሁለትና ሦስት ወር ቢዋኙ ምንም አይቀርብዎትም። ባሕር ውስጥ ሰውን ለጉዳት ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ ድንጋጤ ነው፤ የደነገጠ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ይሮጣል፣ የዚህን መዘዝ ደግሞ ከላይ ነግሬዎታለሁ። ዱባይ ናድ አል ሸባ በ2021 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳም አለ፤ ገንዳ ነው ብለው አይናቁት፣ ግፊቱ የባሕሩን ያህል ነው። ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ሳይጠጡ ሳይቀምሱ በዚያ ሙቀት አይጥለቁ፤ የደረቀ ሰውነት ከታች ለማብራራው የጠለቃ ሕመም ይበልጥ ሊጋለጥ ይችላል።

በጣም ያሳሰበኝ ግን በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሡት በረራ ነው። ሰው ጠላቂዎችን ሲያይ «ኦክስጅን ተሸክመው» ይላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እኔና እርስዎ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ አራት አምስተኛው ያህል ናይትሮጅን። ግፊት ሲጨምር ናይትሮጅኑ ደም ውስጥና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊት ሲቀንስ ተመልሶ ይወጣል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሽ ያልፋል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው መገጣጠሚያ፣ ሕብለ ሰረሰር፣ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል፤ የጠለቃ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ጠላቂዎች በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ እየወጡ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የተለመደው ምክር ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ እንደ እርስዎ ብዙ ቀን ተደጋጋሚ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። ዱባይ ጠልቆ ሙምባይ የሚሄድ ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠረፍ ግፊት ይመለሳል። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። እርስዎ ከአውሮፕላን ወርደው ቦሌም፣ ደብረ ብርሃንም ሆነው ገና ከፍታው ላይ ነዎት። ስለዚህ ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ቢቆዩ፣ ሁለት ቀን ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው። ወይም ትምህርቱን ከፈቃድ ሲመለሱ ይጀምሩት። ይህ ለበረራ ብቻ አይደለም። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ጂቡቲ ወርዶ የጠለቀ ሰውም በመኪና ሆነ በባቡር ወደ መሃል አገር ከመውጣቱ በፊት እኩል መቆየት አለበት፤ ሰውነቱ የሚያውቀው ግፊቱን እንጂ መጓጓዣውን አይደለም።

ከጠለቁ በኋላ ትከሻዎን ወይም ክርንዎን ያለ ምክንያት ቢያምዎት፣ ቢደነዝዝዎት፣ እግርዎ ቢከዳዎት፣ ቆዳዎ ቢዥጎረጎር፣ ሽንት ቢያስቸግርዎት «ደክሞኝ ነው» ብለው አይተኙ። የጠለቃ ሕመም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በረራ ደግሞ ዘግይቶ ሊያስነሣው ይችላል። ሕክምናው ንጹሕ ኦክስጅን ወዲያው መስጠት፣ ከዚያ ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ማከም ነው፤ ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ ተመልሶ ባሕር ውስጥ መግባት አይገባም። አዲስ አበባ ደርሰው ከሆነ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ይህን በሽታ በዓመት አንዴ እንኳ ላያይ ይችላልና ስለ ሕመሙ ከመናገርዎ በፊት «ባሕር ጠልቄ ነበር» ብለው ይጀምሩ፤ የመጨረሻውን ጠለቃ ቀን፣ ሰዓትና ጥልቀት በወረቀት ጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ።