«አረፈች» የሚለው ግስ ለማርስ ተሽከርካሪ

ጥያቄ፦ ቲያንዌን 1 ስለተባለው የቻይና የማርስ ተልእኮ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ «ተሽከርካሪዋ ዡሮንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ አረፈች፤ በ2022 ደግሞ አረፈች» የሚል አነበብሁ። ሁለተኛው «አረፈች» ምን ማለት ነው? ዟሪዋ መንኮራኩርስ «ማርስን ትሽከረከራለች» መባሏ ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለተኛው «አረፈች» መታረም አለበት። ሰዋስውን አያፈርስም፤ አንባቢውን ግን ግራ ያጋባል። «አረፈ» ከድካም ወይም ከሥራ መገላገልን፣ ከላይ ወርዶ አንድ ነገር ላይ መቀመጥን፣ በአክብሮት ሲነገር ደግሞ መሞትን ያመለክታል። ከሦስቱ የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው አብሮት በሚመጣው ሐረግ ነው። «ማርስ ላይ አረፈች» ወይም «ከጉዞ አረፈች» ሲባል ማንም አይሳሳትም፤ ግሱ ብቻውን ሲቆም ግን ጆሯችን አስቀድሞ የሚሰማው የሞት ዜና ነው።

የሆነውም ሞት አልነበረም። ዡሮንግን የተሸከመው ክፍል ከዟሪዋ መንኮራኩር ተለይቶ ዩቶፒያ ፕላኒሺያ በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ያረፈው በቤይጂንግ አቆጣጠር ሜይ 15 ቀን 2021 ነው። (ስለዚህ «ቲያንዌን 1 አረፈች» ብሎ መጻፍም ጥንቃቄ ይጎድለዋል፤ ዟሪዋ በምሕዋሯ ላይ ቀርታለችና።) ለ90 የማርስ ቀናት ሥራ የታቀደችው ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ከዕቅዱ እጅግ አልፋ 1,921 ሜትር ከተጓዘች በኋላ፣ የክረምቱ ብርድና አቧራው ከፀሐይ የምታገኘውን ኃይል ስላሳነሱባት፣ በሜይ 2022 መሐንዲሶቿ ሆን ብለው ሥራዋን ገቱ። በዲሴምበር ትነቃለች ተብሎም ይጠበቅ ነበር። እንዲህ ላለው ጊዜያዊ ዕረፍት «አንቀላፋች» ማለትም አያዋጣም፤ ይህም ቃል በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሞትን ይሸፍናልና። እኔ የምመርጠው «ወደ እንቅልፍ ሁነታ ገባች» የሚለውን ነው።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር አማርኛ እጅግ የሚስማማ አገላለጽ አለው። ተሽከርካሪዋ በታሰበው ጊዜ ድምፅዋ አልተሰማም፤ የተልእኮው ዋና ንድፍ አውጪ ዣንግ ሮንግቺያውም በ2023 በፀሐይ ሰሌዳዎቿ ላይ የተከማቸውን አቧራ በምክንያትነት ጠቅሰዋል። «አልነቃችም» ብንል አለመንቃቷን ብቻ እንናገራለን፤ «ሳትነቃ ቀረች» ብንል ግን ሲጠበቅ የነበረው ነገር አለመፈጸሙን ጭምር እንገልጻለን። ለዡሮንግ የሚገባው ይኸኛው ነው።

ስለ ዟሪዋ ያነሡት አጭር መልስ ይበቃዋል። «ተሽከረከረ» በራስ ዛቢያ ላይ መዞርን ወይም በጎማ መንከባለልን የሚገልጽና ተሳቢ የማይወስድ ግስ ነው፤ ስለዚህ ዟሪዋ «ማርስን ትዞራለች»፣ ማርስ ራሷ «በዛቢያዋ ትሽከረከራለች» ተብሎ ይጻፋል።