«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰላም ወገኖች። ስለ አሜሪካውያኑ ሁለት ዘፋኞች፣ ስለ ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል ዘፈን የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ልመልስ። ርዕሱን በእኛ «የዝምታ ድምፅ» እንበለው። ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዘፈኑን የጻፉት ሁለቱም ናቸው?

መልስ፦ የጻፈው ፖል ሳይመን ብቻውን ነው። ያኔ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ጊታሩን ይጫወት ነበር። ግድግዳው ድምፁን ያስተጋባለታል፣ የውሃው ድምፅ ያረጋጋዋል። ጨለማን እንደ ድሮ ወዳጅ ሰላም የሚለው መግቢያ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ ኬኔዲ በኖቬምበር 1963 ተገደለ፣ ዘፈኑ በ1964 ወጣ። ሰው ያያያዘው ለዚህ ይመስለኛል። ግጥሙ ውስጥ ግን ስለ ግድያ አንድም ቃል የለም። ግጥሙ የሚለው፣ ሰዎች ያወራሉ፣ አይነጋገሩም። ይሰማሉ፣ አያዳምጡም። ራሳቸው ለሠሩት መብራት ይሰግዳሉ። ጋርፈንከልም ዘፈኑን ሲያስረዳ ሰዎች መግባባት ስላለመቻላቸው ነው ብሏል።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው ከበሮ ያለበትን ነው። በቅርቡ ግን ያለ ከበሮ ሰማሁት። ዋናው የቱ ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! መጀመሪያ የተቀዳው ያለ ከበሮ ነው፣ በማርች 1964፣ ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ስቱዲዮ። ዘፈኑ የወጣበት አልበም ግን አልተሸጠም። ልጆቹ ተለያዩ፣ ሳይመን እንግሊዝ ሄደ። ነገሩ በዚያው አለቀ ሲባል፣ በ1965 ቦስተንና ፍሎሪዳ ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን ደጋግመው ማጫወት ጀመሩ።

ቅጂውን የመራው ፕሮዲውሰር ቶም ዊልሰን ይሄን ሰማ። ያኔ ፎክ ሮክ፣ ማለትም የሕዝብ ዘፈንን ከሮክ ጋር የሚያዋህደው ስልት፣ ገና እየሞቀ ነበር። ከዘፋኙ ቦብ ዲላን ጋር ይሠሩ የነበሩ ሙዚቀኞችን ጠራና በድሮው ቅጂ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ጨመረበት። ሳይመንና ጋርፈንከል ምንም አያውቁም! በጃንዋሪ 1966 ዘፈኑ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ አንደኛ ሆነ። ሁለቱም ተመልሰው አብረው መሥራት ጀመሩ።

ዊልሰን ሃርቫርድ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። መጀመሪያ የጃዝ አሳታሚ ነበር። ያን ሁሉ ሠርቶ ስሙ እንዲህ መረሳቱ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ግን ሳያስፈቅድ መንካቱ ልክ ነው ትላለህ?

መልስ፦ እኔ ብሆን ይከፋኝ ነበር እህቴ። መጠየቅ ነበረበት። ግን ያ ከበሮ ባይገባ ዛሬ ስለ ዘፈኑ የምናወራ አይመስለኝም። ሁለቱንም እውነት አብሬ ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ ከፊልም ጋር የሚያያዘውስ?

መልስ፦ የዳይሬክተር ማይክ ኒኮልስ ፊልም «ዘ ግራጁዌት» ነው፣ 1967። ተዋናዩ ደስቲን ሆፍማን ኤርፖርት ውስጥ ብቻውን ሲጓዝ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የሮክ ባንዱን የዲስተርብድን ቅጂ ትወደዋለህ?

መልስ፦ የ2015ቱን? አዎ፣ ድምፁ ግሩም ነው። ብቻ መጨረሻው ላይ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ዘፈኑን የምወደው በሹክሹክታው ነው። ለእኔ የሚበልጠው ሳይመን በሴፕቴምበር 11፣ 2011 የዘፈነው ነው። ኒውዮርክ፣ መንትያዎቹ ሕንፃዎች በነበሩበት ቦታ፣ በጥቃቱ 10ኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ ብቻውን በጊታር።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከ1964ቱ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርግ። ጊታሩ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ከዚያ ወደ ባለ ከበሮው እለፍ። ከበሮ መቺው ዘፋኞቹን እንዳይቀድማቸው ቀስ ሲል ትሰማዋለህ።