መልስ፦ የጁሪ ጥሪ ደረሰኝ፣ ምን ይጠብቀኛል?

እህቴ፣ የአሜሪካ ዜግነት በያዝሽ በዓመትሽ የጁሪ ደብዳቤ መጥቶብሽ እንደደነገጥሽ ጽፈሻል። ጁሪ ማለት ፍርድ ቤት ተጠርተው ክርክሩን ሰምተው የሚፈርዱ ተራ ዜጎች ናቸው። አይዞሽ፣ አልተከሰስሽም። ስምሽ ከመራጮች ወይም ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ በዕጣ ወጥቶ ነው።

ዝም ብለሽ እንዳትተዪው ግን፤ ያስቀጣል። መጠይቁን ሞልተሽ መልሺ። ቀኑ ካልተመቸሽ እንዲያዛውሩልሽ ጠይቂ።

የዕለቱ ዋና ሥራ መጠበቅ ነው። መጽሐፍና ቻርጀር ያዢ። ስምሽ ከተጠራ ችሎት ትገቢያለሽ። ተከሳሹን ታውቂው እንደሆነ፣ ፖሊስ የሆነ ዘመድ እንዳለሽ፣ ይህንን የመሰለ ይጠይቁሻል። እውነቱን ተናገሪ። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ይሰናበታል። ከተመረጥሽ ፍርዱ እስኪያልቅ ስለ ጉዳዩ ለባልሽም አትነግሪም፣ ጎግልም አታደርጊም።

«እንግሊዝኛዬ ይበቃል ወይ?» ላልሽው፣ አክሰንት ችግር የለውም። ክርክሩን መከታተል ካቃተሽ ግን ለዳኛው በግልጽ ንገሪ። በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት ሁሉም ጁሪ መስማማት አለበት። ያልገባሽን ነገር ገብቶኛል ብለሽ በሰው ነፃነት ላይ ድምፅ መስጠት በጣም ያሳዝናል።

አሠሪሽ በዚህ ምክንያት ሊያባርርሽ አይችልም። ደመወዝ መክፈሉን ግን ቀድመሽ ጠይቂ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንኳ በቀን የሚከፍለው 50 ዶላር ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁም ደብዳቤው ሊመጣባችሁ ይችላል። «ዜጋ አይደለሁም» ብላችሁ ሞልታችሁ መልሱ። በስህተት እንኳ «ዜጋ ነኝ» እንዳትሉ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ክፉኛ ያበላሻል። «ጁሪ ቀርተሃልና ቅጣት በስልክ ክፈል» የሚል ደዋይ ደግሞ አጭበርባሪ ነው፤ ዝጉበት።